ሥጋውን ሳንተው ጮማውን ስለ መቀነስ፤ በቤት የሚጋገር የሥጋ ሙልሙል

በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን የምናቀርበው፤ ከተፈጨ ሥጋ ተድቦልቡሎ እንደ ዳቦ ከተጋገረ በኋላ በቢላዋ እየተቈረጠ ስለሚበላው ምግብ ነው። አሜሪካኖች ይህነን ምግብ ‹ሚት ሎፍ› ይሉታል። ኢጣሊያኖች ‹ፖልፔቶኔ› ሲሉት ጀርመኖች ግን ‹ሐሰተኛ ጥንቸል› የሚል የቀልድ ስም አውጥተውለታል። እኛ ደግሞ ቅርጹ ለቡሄ የሚጋገረውን ሙልሙል ስለሚመስል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሥጋ ሙልሙል ብለን እንጠራዋለን። በኢጣሊያን ምግብ ቤት ድብልብሉን ፖልፔቲ የቀመሰ ሰው፤ የዚህን ምግብ ታናሽ ወንድም ቀምሷልና እንግዳ አይሆንበትም።

ነገሩ ለብዙዎች የችግር ጊዜ ብልሃት ነበር። ሥጋው ለቤተ ሰቡ ሁሉ የማይዳረስ ሲሆን፤ ባለሙያዋ ሴት ጥቂቱን ሥጋ ትፈጭና በደረቀ ዳቦ፤ በሽንኩርትና በእንቁላል እያበዛች ለሁሉም ታዳርሰው ነበር። በአሜሪካ አገር በ1930ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ሥራ ጠፍቶ ሕዝቡ በተቸገረበት ዘመን፤ ይህ ምግብ በየቤቱ የተወደደው ስለዚህ ነው። ዛሬ ግን ሥጋ እንደ ልብ በሚገኝበት ቤት ጮማው የበዛ ሥጋ ይፈጭለታል፤ በላዩም ስኳር የገባበት የቲማቲም ድልህ ይቀባል። እንዲህም ሆኖ በብልሃት የተፈጠረው ምግብ ብልሃቱን አጥቶ ክብደቱ ብቻ ቀርቷል።

ሒሳቡን እንመልከት። ከመቶ 20 እጁ ስብ የሆነ 1 ኪሎ የተፈጨ ሥጋ 200 ግራም ስብ ይዞ ወደ ምድጃ ይገባል። ለ8 ሰው ሲካፈል ለያንዳንዱ 25 ግራም ይደርሰዋል። እውነት ነው፤ ሥጋው ሲጋገር ከስቡ አንዳንዱ ቀልጦ ይወጣል። ነገር ግን ጠባብና ግድግዳው ከፍ ባለ የዳቦ ቆርቆሮ ውስጥ የተጋገረ እንደ ሆነ፤ የቀለጠው ስብ መሄጃ ስለሌለው ሥጋው በገዛ ስቡ እንደ ተዘፈዘፈ ይቈያል። ከ1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ሲገኝ ከ1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይገኛልና፤ ስብ የበዛበት ቍራሽ ትንሽ መስሎ ብዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም የበለጠ ጨው እንዳይበላ፤ እንደ ቅቤና እንደ ሞራ ከመሰለው ከሚረጋው ስብ የሚያገኘውም ኃይል ከቀኑ ምግብ ሁሉ ከመቶ 10 እጅ እንዳያልፍ ይመክራል። የዚሁ ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2015 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በጨውና በጢስ ተዘጋጅቶ የሚቈይ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጣ፤ ቀይ ሥጋም ያመጣ ይሆናል ተብሎ እንደሚገመት አስታውቋል። ስለ ካንሰር መከላከል የሚመክሩ ሊቃውንትም ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ውስጥ ከበሰለ በኋላ ከተመዘነው ከ350 እስከ 500 ግራም ባለው እንዲወሰን ይናገራሉ። በዓል በመጣ ጊዜ በአንድ ምሳ ብቻ ይህነን ልክ የሚያልፍ ስንት ሰው እንዳለ አንባቢዎቻችን ያውቁታልና እኛ አንቈጥርም።

ይህነን ሁሉ ስንጽፍ ሥጋ አትብሉ ማለታችን አይደለም። ከቀይ ሥጋ የሚገኘው ብረት ለሰውነት በቶሎ የሚስማማ ስለ ሆነ፤ ለሚያድጉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች የሚጠቅም ምግብ ነው። የእኛ ምክር ሥጋው ይቅር ሳይሆን፤ ከሥጋው ጋር ሳይጠራ የሚገባው ጮማ ይቀነስ ነው።

ከሒሳቡ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። አባትዬው ወይም እናትዬዋ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ሲያገኛቸው፤ ሐኪሙም ጨውና ጮማ ቀንሱ ሲላቸው፤ በብዙ ቤት የሚደረገው ለታመመው ሰው ለብቻው ማብሰል ነው። እኛ በምናውቀው አንድ ቤት ለአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከመሶቡ ጐን ትንሽ ሰሐን ይቀርብላቸው ነበር። በሰሐኑ ላይ ያለው ጨው ያልነካው ቅቅል ነበረ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከመሶቡ እየጠቀለሉ ሲበሉ፤ እርሳቸው ወደ ሰሐናቸው አቀርቅረው ዝም ይላሉ። የመጨረሻዪቱ ልጃቸው ግን አንጀቷ አልችል እያላት፤ ‹አባባ፤ በሞቴ፤ ይችን ብቻ› ብላ ቅቤ የጠገበ ጉርሻ ታጐርሳቸዋለች። እኅቷም ከርሷ እንዳታንስ ትደግማለች፤ ምራታቸውም ከሁለቱ እንዳታንስ ትሠልሳለች። እንዲህ ሆኖ የሐኪሙ ትእዛዝ በሰሐኑ ላይ ሲከበር በመሶቡ ላይ ይሻር ነበር። ልጂቱን ልንወቅሳት አይቻለንም፤ ሽማግሌውንም እንቢ ባሉ ኖሮ አንልም። ጉዳቱ የመጣው በአንድ ቤት ሁለት ድስት ስለ ተጣደ ነው።

የሥጋ ሙልሙልን የመረጥነው ስለዚህ ነው። በአግባቡ ከተሠራ የታመመውም ጤነኛውም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም ከአንዱ ቍራሽ ይበሉታል። ማንም ከመሶቡ አይለይም፤ የሚያጐርስም ሰው ያለ ሥጋት ያጐርሳል።

የምግቡን ክብደት የምናቃልልበት መንገድ ከሥጋው ሲሦውን ያህል አንሥቶ በምትኩ የበሰለ ምስርና አትክልት ማግባት ነው። ይህነን ስንል ‹ሥጋና ምስር ምን አገናኘው› የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቦዘና ሽሮን የሠሩ እናቶቻችን ሥጋን ከጥራጥሬ ጋር ካጋቡት ብዙ ዘመን ነው። ጎመን በሥጋም እንደዚሁ ነው፤ ጥቂቱ ሥጋ ብዙውን ጎመን ያጣፍጠዋል፤ ጎመኑም ሥጋውን ያበረክተዋል። ስለዚህ ባለሙያዋ እመቤት እጇ የለመደውን ነገር በአዲስ ቅርጽ ትሠራለች እንጂ ከውጭ አገር የመጣ ሥርዓት አትማርም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለ8 ሰው የሚበቃ ሙልሙል ለመሥራት 600 ግራም ቀይ ሥጋ፤ 100 ግራም ድፍን ምስር፤ ሁለት ራስ ሽንኩርት፤ ሁለት ካሮት፤ አንድ ፍሬው የወጣለት ቃሪያ፤ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፤ ጥቂት ዝንጅብል፤ አንድ ሙሉ እንቁላልና የሌላ አንድ እንቁላል ነጩ፤ ያደረ ዳቦ ሁለት ወፍራም ቍራጭ፤ ግማሽ ስኒ ወተትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያስፈልጋል። ቍንዶ በርበሬ፤ ኮረሪማና በሶብላ እንደ ባለቤቲቱ ፈቃድ ይሁን። ስኒ ስንል የቡና ሲኒ ሳይሆን ሩብ ሊትር የሚይዘውን መለኪያ ማለታችን ነው።

ስለ ሥጋው አመራረጥ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ነውና። በልኳንዳ ቤት ‹የተፈጨ ሥጋ ስጠኝ› ብሎ መጠየቅ ባለሥጋው የቀረውን ሞራና ቅንጥብጣቢ ሁሉ አብሮ እንዲፈጭ መፍቀድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሥጋው በሙሉው ይመረጥ። ሻኛው፤ ፍሪምባውና ጐድኑ ለጥብስ ወይም ለቅቅል ደስ ቢያሰኙም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የሚፈለገው ለክትፎ የሚመረጠው፤ ሞራና ጅማት የሌለበት ቀይ ሥጋ ነው። ከተመረጠ በኋላ በዐይን ፊት ይፈጭ፤ መፍጫውም መታጠቡን ማየት ነውር አይደለም። በቤቷ ሹል ቢላዋና መክተፊያ ያላት ሴት ራሷ ብትከትፈው ደግሞ የበለጠ ነው።

በባሕር ማዶ፤ ይልቁንም በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ በዚያ በተፈጨው ሥጋ መጠቅለያ ላይ ከመቶ ስንት እጁ ስብ እንደ ሆነ ተጽፎ ይሸጣልና። ከመቶ 5 ወይም 7 እጅ የሚለው ይወሰድ። ልጆቻቸውም ይህነን ምግብ ከጓደኞቻቸው ቤት እየቀመሱ ስለሚመጡና ‹እማዬ፤ ለምን አትሠሪልንም› ስለሚሉ፤ ይህ ዐምድ ሳይጠቅማቸው አይቀርም። የተርኪ ሥጋ ይሻላል ብለው የሚገዙም አሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የተፈጨ ተርኪ ሁሉ ስብ የለሽ አይደለም፤ ከቈዳው ጋር የሚፈጭም አለና ጽሑፉ ይነበብ።

ምስሩ ተለቅሞና ታጥቦ ያለ ጨው ይቀቀላል። ሲለሰልስ ግን ሳይፈርስ ይወጣና ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ በወንፊት ላይ ይቀመጣል። ይህ ነገር የሚናቅ አይደለም፤ ውኃ የያዘ ምስር ሙልሙሉን ያፈርሰዋልና። 100 ግራሙ ጥሬ ምስር ሲበስል 250 ግራም ያህል ይሆናል። ግማሹን በማንኪያ ጀርባ መፍጨት፤ ግማሹን እንዳለ መተው መልካም ነው፤ የተፈጨው ሥጋውን ያያይዛል፤ ያልተፈጨውም ለጥርስ ይሰማል። ክክ ምስር ሲበስል ሙክክ ብሎ ገንፎ ስለሚመስል ለዚህ አይመረጥም።

ቀጥሎ ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ በድስት ይቁላላል። የአገራችን ሴት ወጥ ስትሠራ ሽንኩርቱን አስቀድማ በደረቁ ማቁላላቷ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ሌሎች ብዙ አገሮች ሽንኩርትን ያለ ስብ ማብሰል አይቻልም ብለው ያስባሉ። እንዳያር ጥቂት ጥቂት ውኃ ጠብ እየተደረገ ይማሰላል። ሲጠወልግ የተፈቀፈቀው ካሮት፤ ደቅቆ የተከተፈው ቃሪያ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብተው ውኃቸው እስኪመጠጥ ድረስ አብረው ይበስላሉ። ከዚያም ወርደው ይቀዝቅዙ፤ ትኵስ አትክልት ጥሬ ሥጋ ላይ አይፈስስም።

ጮማ የሌለው ሥጋ ሲጋገር ይደርቃል የሚለው ሮሮ እውነት ነው። ሥጋ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ይኰማተርና ውኃውን ጨምቆ ያስወጣል፤ ስብ ያለበት ከሆነ ስቡ ድርቀቱን ይሸፍንለታል። ስቡን ስናነሣ እንግዲህ ሌላ እርጥበት የሚይዝ ነገር ልንተካለት ይገባል። መድኃኒቱም በወተት የራሰው ዳቦ ነው። ቅርፊቱ የተላጠው ዳቦ በወተቱ ተነክሮ እንደ ሊጥ እስኪሆን ይታሻል። በዳቦው ውስጥ ያለው ስታርች በሥጋው መካከል እየገባ እንዳይኰማተር ይከለክለዋል፤ እርጥበቱንም ይይዝለታል። በዳቦ ፈንታ አጃ በወተት ዘፍዝፎ ማግባትም ይቻላል፤ እንዲያውም ሆድ ለሚደርቅባቸው ሽማግሌዎች አጃው ይሻላል።

አሁን ዳቦው፤ እንቁላሉ፤ ምስሩ፤ አትክልቱ፤ ቅመሙና ጨው በሰፊ ሳሕን ላይ አስቀድመው ይዋሐዱ። ሥጋው የሚገባው በመጨረሻ ነው። በታጠበ እጅ፤ ጣትን ከፈት አድርጎ፤ እስኪደባለቅ ድረስ ብቻ ይነካካ። እንደ ዳቦ ሊጥ መደፍጠጥና ማሸት ክልክል ነው። ሥጋ ከጨው ጋር ብዙ በታሸ ቍጥር እየተጣበቀ ይሄድና ተጋግሮ ሲወጣ እንደ ላስቲክ ይጠነክራል። ‹በደንብ አሽቼዋለሁ› ብላ የምትመካ ወጥ ቤት በዚህ ምግብ አትመሰገንም።

ጨውን በተመለከተ አንድ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ያህል ስለሚመዝን ለያንዳንዱ ሰው ከ1 ግራም በታች ይደርሰዋል። ከዚህ በላይ እንዳይጨመር የምንለው በሌላ መንገድ የሚገባ ጨው ስላለ ነው። ዳቦው ራሱ ጨው አለው፤ ሚጥሚጣና በርበሬም ብዙ ጊዜ ጨው ተቀላቅሎባቸው ይፈጫሉ። በሱቅ የሚሸጡት የሾርባ ቅመም ኵቦች ደግሞ አብዛኛው ነገራቸው ጨው ነውና ለዚህ ምግብ አንፈልጋቸውም። ጣዕሙ የጐደለ የሚመስለው ሰው ሲቀርብ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርግበት፤ ኮምጣጣ ነገር ምላስን ስለሚያነቃ ጨው እንደ ተጨመረ ያህል ይሰማል። ሎሚውም ሆነ ቲማቲሙ በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲስማማ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያግዳሉና ትንሽ ይዘግዩ።

የሚቀባው ድልህ በቤት ይሠራ። በጠርሙስ የሚሸጠው ካቻፕ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ 4 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሙልሙሉን ለመሸፈን ደግሞ አንድ ማንኪያ አይበቃም። በዚህ ፈንታ ሁለት የበሰሉ ቲማቲሞች ተልጠው ይከተፉና ከአንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህና ከቍንጥር በርበሬ ጋር እስኪወፍሩ ይንተክተኩ። ስኳር አያሻቸውም።

የተደባለቀው ሥጋ ዝርግ በሆነ መጋገሪያ ላይ ወረቀት ወይም ታጥቦ የደረቀ ኮባ ተነጥፎበት፤ በእጅ ሙልሙል ተደርጎ ይጋደም። ወርዱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥ፤ ቁመናውም ከአራት ጣት አያልፍ። በጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ አይጨመር ያልንበትን ምክንያት ከላይ ተናግረናል፤ ስብ ቢኖር በዝርጉ ላይ ቀልጦ ይወርዳል፤ ጐንና ጐኑም ቡናማ ሆኖ ይጠበሳል። ኮባው ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦ ሁሉ የራሱን ደግ ሽታ ይሰጠዋል፤ ዘይት መቀባትንም ያስቀራል። ከዚያ በ180 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ውስጥ 1 ሰዓት ያህል ይጋገራል። 40 ደቂቃ ሲሆነው የቲማቲሙ መረቅ ይቀባና ይመለሳል።

ኦቨን የሌላት እመቤት ተስፋ አትቍረጥ። ድፎ ዳቦ በእሳት ላይና በእሳት ሥር ይበስል የለምን? በወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ኮባ ተነጥፎ፤ ሙልሙሉ በአንድ ትልቅ ፈንታ ሁለት ትንንሽ ተደርጎ፤ ክዳኑ ላይ ፍም ተደርጎ በለዘብተኛ እሳት ይጋገራል። ከታች ያለው እሳት ከላይኛው ያነሰ ይሁን፤ አለዚያ ሆዱ ያርና ጀርባው ጥሬ ይቀራል።

አሁን ወደ ታላቁ ጥንቃቄ ደረስን። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ያለ ክትፎ የሚወዱ ብዙዎች ስለ ሆኑ ‹መካከሉ ቀይ ቢሆን ምን ይጐዳል› የሚል ሰው እናውቃለን። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ አያቶቻችንም ያውቁት ስለ ነበር በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ ነበር። በተፈጨ ሥጋ ላይ ግን ሌላ አደጋ አለ። ሙሉ ሥጋ ቢቈሽሽ ቍሻሻው በላዩ ላይ ነው፤ እሳት ሲነካው ይጠፋል። ሲፈጭ ግን በላዩ የነበረው ተሕዋስ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይደባለቃልና መካከሉ በደንብ ካልበሰለ ሕያው ሆኖ ይቈያል። በዚህ የሚመጣው በሽታ በሕፃናትና በሽማግሌዎች ላይ ይበረታል። ስለዚህ የሙልሙሉ መካከል 71 ዲግሪ ሙቀት፤ ከዶሮ ወይም ከተርኪ የተሠራም እንደ ሆነ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። መልኩን አይቶ መፍረድ አያስተማምንም፤ አንዳንድ ሥጋ ሳይበስል ቡናማ ይሆናልና። የምግብ ሙቀት መለኪያ በጥቂት ገንዘብ ይገዛል። እስኪገዛ ድረስ ሙልሙሉን ቀጠን አድርጎ መሥራት፤ ሰዓቱንም ማስረዘም ይበጃል። ጥሬውን ሥጋ የነካ ሳሕን፤ መክተፊያና እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይንካ።

ከእሳት ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ይረፍ። ልጆች በሽታው ተስበው ቢከብቡትም ቢላዋው ይቈይ፤ በትኵሱ የተቈረጠ ሙልሙል ውኃው ይፈስስና ይፈረፈራል። ከዚያ ጣት በሚያህል ውፍረት ይቈረጥ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ቍራጭ ይበቃዋል። በመሶብ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ በእንጀራ ለመጠቅለል እንዲመች ቍራጩ እንደገና በአራት ተከፍሎ በእንጀራው ላይ ይደርደር፤ ጐኑም ጎመንና የቲማቲም ሰላጣ ይሁን። በሹካ ይበላ ማለት ግዴታ አይደለም።

የዚህን ሙልሙል ሒሳብ ከፊተኛው ጋር እናመዛዝን። 600 ግራሙ ሥጋ ከመቶ 5 እጅ ስብ ቢኖረው 30 ግራም ነው። እንቁላሉ፤ ወተቱና ምስሩ 10 ግራም ያህል ቢጨምሩበት ሁሉም 40 ግራም ይሆናል፤ ለያንዳንዱ ሰው 5 ግራም ማለት ነው። ከዚያ ከጮማው ሙልሙል 25 ግራም ነበር ብለናል። ፕሮቲኑ ግን አልጐደለም፤ ከ1 ኪሎው ጮማ ሥጋ ለአንድ ሰው 21 ግራም ያህል ሲደርስ፤ ከዚህም ሥጋው፤ ምስሩና እንቁላሉ ተባብረው ያንኑ ያህል ይሰጡታል። ገንዘቡንም ብናስብ ከሥጋ ይልቅ ምስር ይረክሳል። ኵላሊቱን የታመመ ሰው ግን ስለ ጥራጥሬውም ስለ ቲማቲሙም ሐኪሙን ጠይቆ ይብላ፤ ለርሱ የሚሰጠው ምክር ከሌላው ይለያልና።

በጾም ቀንም ሙልሙሉ አይቀርም። ሥጋው፤ እንቁላሉና ወተቱ ይቀሩና ምስሩ እጥፍ እጥፍ ይደረጋል፤ ደቅቆ የተከተፈ እንጉዳይም ተጠብሶ ይገባበታል። ለማያያዣ ተልባ ተቈልቶና ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ እንቁላል ነጭ ይለጠጣል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። ዳቦውን በውኃ ማራስ ይቻላል። ይህ ሙልሙል ከሥጋው ይልቅ ስለሚፈረፈር ቀዝቅዞ ይቈረጥ።

የተረፈው በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተሸፍኖ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ እስከ 3 ወይም 4 ቀንም ይቈያል። ሲሞቅ እስኪፋጅ ድረስ ይሙቅ። ለተማሪ ልጅ ግን ቀጭን ቀጭን ተቈርጦ፤ ከቲማቲምና ከሰላጣ ቅጠል ጋር በዳቦ መካከል ገብቶ ቢሰጠው በቀዝቃዛው የሚጥም ምሳ ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነና ቀኑ ሙቀት ከሆነ ዳቦው በማታ ተዘጋጅቶ በማቀዝቀዣ ይደር፤ ጠዋት ሲወጣ ከበረደ የውኃ ጠርሙስ ጋር በአንድነት ይጠቅለል።